ከተማ ዳር ሆኖ የመጀመሪያ የነርስነት ሥራ ማግኘት፦ ከቤተሰብ ጋር ለሚኖሩ አዲስ ተመራቂዎች የአሠራር መመሪያ

«ሲስተር፣ ተመርቄ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ከየት ልጀምር?» ይህ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖሩት ከተማ ዳር ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ጀሞ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። ከእናት ከአባታቸው ወይም ከታላቅ እህት ጋር ነው ያሉት። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምመልስ ሁሉንም አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

እኔ ሥራ ቦታዬ ላይ ማመልከቻ ከሚያዩትና የተግባር ፈተና ከሚፈትኑት አንዷ ነኝ። አዲስ ተመራቂ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በእውቀት ማነስ አይደለም። ወረቀቱ በሰዓቱ ስለማይሟላ፣ ስልኩ ስለማይነሳ፣ ወይም «ናይት ዱቲ (የሌሊት ፈረቃ) እንዴት ትመጫለሽ?» ሲባል መልስ ስለሚያጣ ነው። ሦስቱም አስቀድሞ በመዘጋጀት የሚስተካከሉ ናቸው። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሥሩ። ፈተናው ላይ ተቸኩሎ ወረቀቱ ከተረሳ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ውሃ የማያስገባ ፕላስቲክ ፋይል። ክረምት ላይ ጭቃና ዝናብ ውስጥ ታክሲ ስትጠብቁ ጥቅሙ ይገባችኋል።
- ቴምፖራሪ (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ) ወይም ዋናው ዲግሪ (ዲፕሎማ)፣ ስቱደንት ኮፒ (የትምህርት ውጤት ዝርዝር)፣ የመውጫ ፈተና ወይም የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ውጤት፣ የሙያ ፈቃድ።
- የፋይዳ መታወቂያና የነዋሪነት መታወቂያ።
- ከእያንዳንዱ ጥርት ያለ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ሲቪ፣ ማመልከቻ።
- ሁሉም ማስረጃ በስልክ ላይ፣ በአንድ ፒዲኤፍ ተደርጎ፣ በስማችሁ ተሰይሞ።
- ሰከንድ የሚቆጥር የእጅ ሰዓት። የልብ ምት በስልክ መቁጠር የተግባር ፈተና ላይ አያምርም፤ በብዙ ቦታም ስልክ ይዞ መግባት አይፈቀድም።
- ንጹሕ ጋውን፣ ስቴቶስኮፕ፣ ጠፍጣፋ ጫማ።
- አንድ ደብተር። ምን እንደሚጻፍበት ደረጃ 5 ላይ እነግራችኋለሁ።

ደረጃ 1፦ ወረቀታችሁን አሁኑኑ አሟሉ

የመንግሥት የሥራ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ለ5 ወይም ለ10 የሥራ ቀናት ነው። ወሬው እናንተ ጋ እስኪደርስ ግማሹ ቀን አልፏል። በቀረው ጊዜ ስቱደንት ኮፒ ፍለጋ ወደ ተማራችሁበት ከተማ ሄዶ መመለስ አይታሰብም።

ከሁሉም የሚቀድመው የሙያ ፈቃድ ነው። በዲግሪ የተመረቀ ሰው የትምህርት ሚኒስቴርን የመውጫ ፈተና ማለፉ ብቻ አይበቃውም። ጤና ሚኒስቴር የሚሰጠውን የሙያ ፈቃድ ፈተናም ማለፍ አለበት። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ይህን የሚያምታታው ሰው ብዙ ነው። በደረጃ የሠለጠነ ደግሞ ሲኦሲ ያስፈልገዋል። ምዝገባውና ፈቃዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ ፈቃድ በሽተኛ ማከም በሕግ ያስጠይቃል፤ የቀጠረውም ተቋም አብሮ ይጠየቃል። «ፈቃዴ በሂደት ላይ ነው» የሚል ማመልከቻ ወደ ጎን የሚቀመጠው ለዚህ ነው።

ከተማ ዳር ለምትኖሩ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ሰፈር ሌላ አስተዳደር ሊሆን ይችላል። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ የሸገር ከተማ ናቸው፤ ሸገር ደግሞ ኦሮሚያ ክልል ነው። አያትና የካ አባዶ አዲስ አበባ ናቸው። ተቋሙን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት፣ ማስታወቂያው የሚለጠፍበት ሰሌዳና የሥራ ቋንቋው እንደ አስተዳደሩ ይለያያል። ስለዚህ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊት ተቋሙ በየትኛው ወሰን ውስጥ እንዳለ እወቁ።

የስማችሁን የእንግሊዝኛ አጻጻፍም አወዳድሩ። በዲግሪው፣ በሙያ ፈቃዱና በፋይዳው ላይ የአባት ስም በአንድ ፊደል ቢለያይ እንኳ ቅጥር ላይ ሲደርስ ያንከራትታል። ማስተካከያው ጊዜ ስለሚወስድ ሥራ ሳይገኝ በፊት ጨርሱት።

ማስጠንቀቂያ፦ ማስረጃችሁን ላሚኔት አታስደርጉ። በኋላ የማረጋገጫ ማኅተም ሲያስፈልግ ማረፊያ ያጣል።

ደረጃ 2፦ ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። ለእኔ ግን ከወረቀቱ የማይተናነስ ነው። በየቀኑ «የታክሲ ስጡኝ» ማለት ያሳፍራል። ያፈረ ሰው ቀስ በቀስ መውጣት ይተዋል፤ ቤት የዋለ ሰው ደግሞ ምንም አይሰማም። በዚያ ላይ ቤት ያለ ሰው ሥራ እንደሌለው ስለሚታይ ልጅ መጠበቁም፣ ወፍጮ ቤት መሄዱም፣ የውሃ ተራ መጠበቁም እሱ ላይ ይወድቃል።

ቅዳሜ ወይም እሑድ ቡና ሲፈላ አንሱት። ቅሬታ አድርጋችሁ ሳይሆን ዕቅድ አድርጋችሁ አቅርቡት። እንዲህ ለማለት ሞክሩ፦

«እማዬ፣ አባዬ፣ ሥራ የሚገኘው ሄደው ሲጠይቁ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ጠዋት ልውጣ። የእነዚያን ቀናት የታክሲ እሑድ ላይ አንድ ጊዜ ስጡኝ። ማታ ከራት በኋላ አንድ ሰዓት ላንብብ። ሌላውን የቤቱን ሥራ እንደ ድሮው እሠራለሁ።»

የተወሰነ ቀን፣ የተወሰነ ገንዘብ፣ የተወሰነ የንባብ ሰዓት። ቤተሰብ መጠኑን ካወቀ ይችለዋል፤ መጨረሻው የማይታወቅ ነገር ነው የሚያስጨንቀው። ናይት ዱቲንም በዚያው አንሱ። ሥራው ከተገኘ በኋላ «ሴት ልጅ ሌሊት ከቤት አትወጣም» የሚል ክርክር ቢነሳ ጊዜው አልፏል። የጤና ተቋም ነርስ በተራዋ ሌሊት እንደምትገባና ማደሪያዋ የሥራ ቦታዋ እንደሆነ አስቀድማችሁ አስረዱ።

ሁለተኛው ጉዳይ ስልክ ነው። ቀጣሪ ደውሎ ካልተነሳለት ዝርዝሩ ላይ ወዳለው ቀጣይ ስም ይሄዳል። ከተማ ዳር መብራትና ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ማመልከቻችሁ ላይ ሁለት ቁጥር ጻፉ፤ አንዱ የቤተሰብ ይሁን። ያንን ስልክ የሚያነሳው ሰው ምን እንደሚል አስተምሩት፦ «አለች፣ ወጣ ብላ ነው። ከየት ልበላት? በየትኛው ቁጥር ትደውል?» ከዚያ የተቋሙን ስም፣ የደዋዩን ስምና ሰዓቱን ይጻፍ። «አንድ ሰው ደውሎልሽ ነበር፣ ማን እንደሆነ እንጃ» የሚለው መልእክት ሥራ ያሳጣል።

ሦስተኛው፣ ዘመድ። አጎትም ጎረቤትም «ሰው አለኝ፣ እጠይቅልሻለሁ» ይላል። ጥሩ ነው፤ ግን ቅጥር ሳይሆን ወሬ ጠይቁት። «ጋሼ፣ እዚያ ሆስፒታል ማስታወቂያ የት እንደሚለጠፍና ነርሶችን ማን እንደሚመራ ይጠይቁልኝ» በሉ። እንዲህ ያለ ጥያቄ በሁለት ቀን መልስ ያገኛል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሥራ አስገባለሁ ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ ቤተሰባችሁ አንድ ብር እንዳይከፍል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። እናት ጨንቋት ዕቁቧን ልታወጣላችሁ ትችላለች፤ ስለዚህ ይህንን አስቀድማችሁ ንገሯት።

ደረጃ 3፦ የምትደርሱበትን ቦታ በሰዓት ለዩ

ካርታ ላይ ቅርብ የሆነ ሁሉ ቅርብ አይደለም። ለነርስ ዋናው ጥያቄ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዎርድ ውስጥ መገኘት መቻሉ ነው። ሌሊቱን ያደረችው ባልደረባችሁ በሽተኞቹን ሳታስረክብ መውጣት አትችልም። እናንተ አንድ ሰዓት ብትዘገዩ እሷ እንቅልፍ አጥታ አንድ ሰዓት ትቆማለች። ቃለ መጠይቅ ላይ «የት ነው የምትኖሩት?» የሚባለው ለወሬ አይደለም።

እንዲህ አድርጉ፦

ሀ) ከቤታችሁ በአንድ ታክሲ የሚደረስባቸውን ተቋማት ጻፉ።

ለ) በሁለት ታክሲ፣ በባቡር ወይም በአውቶቡስ የሚደረስባቸውን ቀጥሉ። አያት ወይም ቃሊቲ አካባቢ ከሆናችሁ የቀላል ባቡሩን መስመር ተከትላችሁ አስቡ።

ሐ) ከመረጣችኋቸው ወደ አንዱ በእውነተኛው የሥራ መግቢያ ሰዓት ሄዳችሁ ሞክሩት። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከሰፈራችሁ ታክሲ አለ? ሰልፉ ምን ያህል ነው? የቀን ፈረቃ ማታ ሲወጣስ መመለሻ አለ?

ያን ጊዜ ስትጠየቁ «እንደምንም እመጣለሁ» ሳይሆን «12 ሰዓት ከሩብ ላይ አውቶቡስ አለ፣ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እዚህ ነኝ» ትላላችሁ። በዚህ መልስ ብቻ ከሌሎች ተለይተው የታዩ አመልካቾች አሉ።

ደረጃ 4፦ ነርስ የሚቀጥረው ሆስፒታል ብቻ እንዳልሆነ አስቡ

የመንግሥት ሆስፒታሎች በሁለት ይከፈላሉ። እንደ ቅዱስ ጳውሎስ፣ አለርት፣ አማኑኤልና ቅዱስ ጴጥሮስ ያሉት የፌዴራል ናቸው። ዘውዲቱ፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ የካቲት 12፣ ራስ ደስታ፣ ጋንዲና ጥሩነሽ ቤጂንግ ደግሞ በአዲስ አበባ ጤና ቢሮ ሥር ናቸው። የአንዱ ማስታወቂያ የሌላው ሰሌዳ ላይ አይገኝም፤ ሁለቱንም ተከታተሉ። ጤና ጣቢያዎችን ደግሞ በክፍለ ከተማችሁ ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል ጠይቁ። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር አዲስ መደብ የሚከፈተው በጀት ከተፈቀደ በኋላ ነው። ከክረምቱ መጨረሻ ጀምሮ ንቁ። ሪፖርተር የእሑድ ዕትሙን፣ አዲስ ዘመንን፣ ኢትዮጆብስን እያያችሁ፣ ወረዳችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤትም ተመዝገቡ።

የግል ሆስፒታልና ክሊኒክ በሰፈራችሁ ሞልቷል። ለጀማሪ በር የሚከፍቱት አብዛኛውን ጊዜ እነዚህ ናቸው፤ ሰው ቶሎ ቶሎ ስለሚለቅባቸው ክፍት ቦታ አይጠፋም።

ከተማ ዳር የመኖር ጥቅሙ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው ያለው እናንተ ሰፈር ነው። ቦሌ ለሚና ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የዱከም ፋብሪካዎች፣ የሰበታና የሆለታ አበባ እርሻዎች፣ ትልልቅ የግንባታ ሳይቶች፤ ብዙ ሠራተኛ ያለበት ቦታ የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጥ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ትልልቆቹ የራሳቸው ክሊኒክ አላቸው። ለብቻ የሚሠራበት ቦታ ከሆነ ግን ልምድ ይጠይቃሉ፤ ጀማሪ ከሆናችሁ ከእናንተ በላይ የሚያማክር የጤና መኮንን ወይም ሲኒየር ነርስ መኖሩን ጠይቁ። ትምህርት ቤቶችንም አትዝለሉ።

በሸገር ከተማ በኩል ለመሥራት ካሰባችሁ አፋን ኦሮሞ ያስፈልጋችኋል። በመንግሥት ተቋማቱ የሥራ ቋንቋው እሱ ነው፤ በግሉም በሽተኛው የሚናገረው እሱን ነው። ባትችሉት በበሽተኛ ጥያቄዎች ጀምሩ፦ «ኤሳ ሲ ዹኩባ?» (የት ጋ ነው የሚያምህ?)፣ «ዮም ጀልቀቤ?» (መቼ ጀመረ?)። ሰፈራችሁ ውስጥ የሚያርማችሁ ሰው አይጠፋም።

ማስታወቂያው «2 ዓመት ልምድ» ካለስ? የመንግሥት ከሆነ ጊዜያችሁን አታባክኑ፤ ማጣሪያው ጥብቅ ነው። የግል ከሆነ ግን ማመልከቻችሁን አስገቡ።

ደረጃ 5፦ በአካል ሂዱ፣ ደብተራችሁ ላይ መዝግቡ

ትናንሽ ክሊኒኮች ማስታወቂያ አያወጡም። ነርስ ሲለቅባቸው መሳቢያ ውስጥ ያለውን ማመልከቻ ነው የሚያዩት። እናንተ መሳቢያው ውስጥ መኖር አለባችሁ።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አትሂዱ፤ ርክክብና ራውንድ (ሐኪሞች በሽተኞችን እየዞሩ የሚያዩበት ሰዓት) ነው፣ ማንም አያናግራችሁም። 4 ሰዓት ተኩል ወይም 8 ሰዓት ገደማ ይሻላል። መጀመሪያ የሰው ሀብት ክፍልን ጠይቁ፣ ከዚያ ሜትረኗን (የነርሶች ኃላፊዋን) ለማግኘት ፈቃድ ጠይቁ። ንግግራችሁ ከአንድ ደቂቃ አይለፍ፦

«ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። ስሜ እንዲህ ይባላል። በነርሲንግ ተመርቄ የሙያ ፈቃዴን አውጥቻለሁ። አሁን ክፍት ቦታ ባይኖርም ማመልከቻዬን ትቼልዎት ልሂድ ብዬ ነው። የምኖረው እዚሁ አቃቂ ነው። ናይትም በዓልም መግባት እችላለሁ።»

የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሲቪው ላይም ይጻፉ። ሲቪው ከሁለት ገጽ አይብለጥ። ልምድ ስለሌላችሁ ባዶ አይሁን፤ የተግባር ልምምድ ያደረጋችሁባቸውን ሆስፒታሎችና ክፍሎች ዘርዝሩ፤ ሕፃናት፣ ማዋለጃ፣ ድንገተኛ፣ ቀዶ ሕክምና። እኔ ሲቪ ስቀበል መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፤ ሰውየውን የት እንደምመድበው የሚነግረኝ እሱ ነው።

ከወጣችሁ በኋላ እዚያው ደጃፍ ላይ ደብተራችሁን አውጡ። ቀኑን፣ የተቋሙን ስም፣ ያናገራችሁን ሰው፣ ያለችውን ቃል፣ የምትመለሱበትን ቀን ጻፉ። በሁለት ሳምንቱ ተመልሳችሁ ወይም ደውላችሁ ጠይቁ። «ሲስተር እንትና ከመስቀል በኋላ ተመለሺ ብለውኝ ነበር» የሚል ሰው ከአዲስ መጪ እኩል አይታይም።

ማስጠንቀቂያ፦ ለማንም ኦርጅናል ማስረጃ ትታችሁ አትሂዱ። አሳዩ፣ ኮፒ ስጡ፣ ኦርጅናሉን መልሳችሁ ፋይል ውስጥ አስገቡ።

ደረጃ 6፦ ለፈተናው ተዘጋጁ

አብዛኛው ተቋም የጽሑፍ ፈተና፣ የተግባር ፈተናና ቃለ መጠይቅ አለው። አራት ዓመት የተማራችሁትን ሁሉ ለመከለስ አትሞክሩ። ተደጋግሞ የሚመጣው ጥቂት ነው።

የአዋቂ ሰው መደበኛ ልኬቶች፦ የልብ ምት በደቂቃ 60–100፣ ትንፋሽ 12–20፣ የደም ኦክስጅን 95 በመቶና ከዚያ በላይ። የልብና ሳንባ ማነቃቂያ ለአዋቂ፦ 30 ጊዜ መጫን ለ2 ትንፋሽ፣ በደቂቃ 100–120፣ ጥልቀቱ 5–6 ሴንቲ ሜትር። እነዚህን ሳታስቡ መመለስ አለባችሁ።

ስሌት ላይ ጊዜ ስጡ። ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው።

ምሳሌ አንድ። 1000 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ተብሏል። ሴቱ (ፈሳሹ የሚወርድበት ቱቦ) በ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ይሰጣል። በደቂቃ ስንት ጠብታ? 1000 × 20 = 20,000 ጠብታ። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። 20,000 ÷ 480 = 41.7፤ ማለትም 42 ጠብታ። የተለመደው ስህተት ሰዓቱን ወደ ደቂቃ አለመቀየር ነው።

ምሳሌ ሁለት። 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ሴፍትሪያክሶን በኪሎ 50 ሚሊ ግራም ታዟል። ያላችሁ የ1 ግራም ብልቃጥ ነው፤ በ10 ሚሊ ሊትር ተበጥብጧል። 15 × 50 = 750 ሚሊ ግራም። 1 ግራም 1000 ሚሊ ግራም ስለሆነ በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 100 ሚሊ ግራም አለ። የሚቀዳው 7.5 ሚሊ ሊትር ነው። ፈታኙ ቀጥሎ «በሪንገር ላክቴት መስመር ትሰጪዋለሽ?» ሊል ይችላል። መልሱ አይሆንም ነው፤ ሪንገር ውስጥ ካልሲየም ስላለ ከመድኃኒቱ ጋር ተገናኝቶ ይዘቅጣል።

በቀን ሦስት ስሌት በወረቀት ሥሩ፤ ካልኩሌተር አትንኩ።

የተግባር ፈተናው ላይ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት፣ መድኃኒት መስጠት ወይም ቁስል ማጠብ ይታዘዛል። ልንገራችሁ፣ ፈታኝ መጀመሪያ የሚያየው መርፌውን አይደለም። እጃችሁን ነው። ተፈታኙ ገብቶ በቀጥታ ቱርኒኬት (ክንድ ላይ የሚታሰር ማሰሪያ) ካሰረ ነጥቡ እዚያው ይጀምራል መጉደል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ሰላምታ፣ ስማችሁን መናገር፣ የበሽተኛውን ሙሉ ስም ጠይቆ ከካርዱ ጋር ማመሳከር፣ የምትሠሩትን ማስረዳት፣ አለርጂ መጠየቅ፣ እጅ መታጠብ፣ ዕቃ ማዘጋጀት፣ ሴፍቲ ቦክሱን (ያገለገለ መርፌ መጣያውን) ክንድ በሚደርስበት ማስቀመጥ፣ ጓንት። ቱርኒኬቱ ከዚህ በኋላ ነው። ቆዳውን በአልኮል ካጸዳችሁ በኋላ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ካጸዳችሁት በኋላ በጣታችሁ መልሳችሁ አትንኩት። ሲያልቅ መርፌውን ክዳኑን ሳትመልሱ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣሉት። ከዚያ ቀን፣ ሰዓትና ፊርማ። የምትሠሩትን ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩ፤ ፈታኙ ያላያትን ነገር ይሰማታል።

ቤት ውስጥ ይህን በቃል ተለማመዱት። ታናሽ ወንድማችሁን ሶፋ ላይ አስተኝታችሁ፣ ያለ መርፌ፣ ከሰላምታው እስከ ፊርማው በቃልና በእጅ እንቅስቃሴ ሂዱበት።

ቃለ መጠይቁ ላይ የማይቀር ጥያቄ አለ፦ «ሐኪሙ የጻፈው ዶዝ ስህተት ቢመስልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» መልሱ ይህ ነው፦ መድኃኒቱን አልሰጥም። መጀመሪያ ቻርቱንና የበሽተኛውን ክብደት ደግሜ አያለሁ። ሐኪሙን በአክብሮት እጠይቃለሁ። ካላገኘሁት ለኃላፊ ነርሷ አሳውቃለሁ። የሆነውን ቻርት ላይ እጽፋለሁ። «ሐኪሙ ካዘዘ እሰጣለሁ» ያለ ሰው አይቀጠርም፤ መቀጠርም የለበትም።

ደረጃ 7፦ እስክትቀጠሩ እጃችሁ እንዳይረሳ

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ የመጀመሪያ እርዳታ በጎ ፈቃደኛ መሆን። ሁለተኛ፣ የክረምት በጎ ፈቃድ ዘመቻዎች፤ የደም ግፊትና የስኳር ልኬት ላይ ነርስ ይፈለጋል። ሦስተኛ፣ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ወይም ክሊኒክ በደብዳቤ ተፈቅዶላችሁ በነጻ ማገልገል። ሦስተኛውን ስትመርጡ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፤ ሲያልቅም የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ማብቂያ የሌለው ነጻ አገልግሎት ጉልበት ይበላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰፈር ውስጥ መርፌ አትውጉ። ነርስ መሆናችሁ እንደተሰማ ላስቲክ ያንጠለጠለ ጎረቤት በር ያንኳኳል። ውስጡ ሲሪንጅና የፔኒሲሊን ብልቃጥ አለ። «ጤና ጣቢያ ተራው ብዙ ነው፣ አንቺ እያለሽ» ይላሉ። እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሰዎቹ ያሳደጓችሁ ናቸው። ነገር ግን ፔኒሲሊን በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ የሚዘጋ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚያድነው አድሬናሊንና ኦክስጅን ነው፣ ሁለቱም ቤት የሉም። ሰው ከሞተ ደግሞ ሥራ ሳትጀምሩ የሙያ ፈቃዳችሁ ያበቃል። እንዲህ በሉ፦ «እትዬ፣ እዚህ ወግቼዎት ሰውነትዎ መድኃኒቱን ቢጠላው የማድንዎት በምንም አይደለም። ኑ፣ ጤና ጣቢያ አብሬዎት ልሂድ።» አብራችሁ ሂዱ። እግረ መንገዳችሁንም ከጤና ጣቢያው ነርሶች ጋር ትተዋወቃላችሁ።

ደረጃ 8፦ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ

በግል ተቋም ስትቀጠሩ የሚገዛችሁ አዋጅ 1156/2011 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሌላ ሕግ ይተዳደራል። እነዚህን ያዙ፦

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። «ስድስት ወር ሙከራ» የሚል ውል ካያችሁ ጠይቁ። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የሰዓት ደመወዝ 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። የመጀመሪያ ዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀናት ነው። ለጡረታ ከእናንተ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል።

ግብርና ጡረታ መቆረጡን ለምን አጥብቄ እናገራለሁ? በኋላ የመንግሥት ሥራ ስታመለክቱ የግል ተቋም ልምድ የሚያዘው የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ በደብዳቤ ሲገለጽ ነው። «ደመወዝሽን በእጅ እንስጥሽ፣ ግብር አይቆረጥብሽም» የሚል ቤት ዛሬ ጥቂት ብር ያተርፍላችኋል፤ ሁለት ዓመት ከሠራችሁ በኋላ ግን ልምዳችሁ ዜሮ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ሙያ ፈቃዳችሁን ለክሊኒክ «አከራዩን፣ ባትመጡም እንከፍላለን» የሚል ሰው ሊመጣ ይችላል። እናንተ በሌላችሁበት የሚሠራው ስህተት ሁሉ በስማችሁ ይመዘገባል። እምቢ በሉ።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ጀምሩ። ሦስት ዶዝ ነው፦ አሁን፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር። የመጀመሪያው ቀን ላይ ደግሞ መርፌ ቢወጋችሁ ለማን እንደሚነገርና የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ የት እንደሚገኝ ጠይቁ። መድኃኒቱ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ነው፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም።

የተለመዱ ስህተቶች

አንድ ቦታ ፈተና ወስዶ ውጤቱ እስኪመጣ ሌላውን ማቆም። ውጤት ወራት ሊወስድ ይችላል፤ ማክሰኞና ሐሙሳችሁን አታቋርጡ።

ለሁሉም ተቋም አንድ ዓይነት ማመልከቻ ማስገባት፣ ይባስ ብሎ የሌላውን ሆስፒታል ስም ሳያጠፉ። በየሳምንቱ የሚያጋጥመኝ ነው።

ቴሌግራም ላይ ያየነውን ማስታወቂያ ሳያጣሩ መሄድ። ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ተቋሙ መደበኛ ስልክ ደውሉ። «ለመመዝገቢያ» ገንዘብ አስገቡ የሚል ከሆነ ሐሰተኛ ነው።

ለቃለ መጠይቅ ጥፍር ቀለም ተቀብቶ፣ ረጅም ጥፍር ይዞ መምጣት። ነርስ እጇ ሲታይ ነው ሥራዋ የሚገመተው።

የመጀመሪያውን ሥራ በሦስተኛው ወር መልቀቅ። ደመወዙ ቢያንስም፣ በደል ከሌለበትና አስተማሪ ሲኒየር ካለበት ቢያንስ ዓመት ሙሉ። ስትለቁም በአዋጁ መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁንና የግብር ማረጋገጫውን እጃችሁ ላይ ሳታስገቡ አትውጡ።